ኪሊማንጃሮ በኪራይ ቦርሳ

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጫፉ ነው፣ በረዶ አለ ወይ፣ ትንፋሽ ያጥራል ወይ፣ አለቀስክ ወይ ምናምን። እኔ ግን አፌን ስከፍት የሚወጣው የቦርሳ ወሬ ነው፣ ሰው ደግሞ ስለ ቦርሳ ስታወራለት ከሁለት ደቂቃ በኋላ ስልኩን ማየት ይጀምራል፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ለማያውቅ ሰው፣ ኪሊማንጃሮ ላይ ትልቁን ሻንጣ የሚሸከመው ፖርተር ነው። አንተ የምትይዘው የቀን ቦርሳህን ብቻ ነው፣ ውሃ፣ የዝናብ ጃኬት፣ የሚሞቅ ልብስ፣ የሚበላ፣ መድኃኒት፣ ካሜራ። ቀላል ይመስላል አይደል? ችግሩ ፖርተሮቹ ጥለውህ ይሄዳሉ፣ ትልቁን ሻንጣ እንደገና የምታየው ማታ ካምፕ ስትደርስ ነው። መንገድ ላይ ጀርባህ ላይ የሌለ ነገር በቃ የለም።

ጥር 13 - ሞሺ፣ ተራራው ሥር ያለችው ከተማ

ትልቁን ሻንጣ ጨርሼ የቀን ቦርሳዬን ስሞላ ዚፑ ተከፈተ። ተከፈተ ስል፣ እኔ ወደፊት እስበዋለሁ፣ ጥርሱ ደግሞ ከኋላ እየተላቀቀ ይከተለኛል። ቦርሳዋን ለዚሁ ጉዞ ብዬ ነው የገዛኋት፣ የመረጥኳትም በኪሷ ብዛት ነው፣ 14 ኪስ አላት። ለመነጽር፣ ለስልክ፣ ለቁልፍ፣ ለእስክሪብቶ (ተራራ ላይ ምን ልጽፍ እንደነበር እንጃ)፣ ኪስ ውስጥ ሌላ ኪስ። ቤት ቁጭ ብዬ እየከፈትኩ እየዘጋሁ ስጫወትባት እንዴት ደስ ትል ነበር። ከሆቴሉ ዘበኛ ፒንሳ ለምኜ ዚፑ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት ግራና ቀኙን ጫን ጫን አደረግኩት፣ ይሄ ዘዴ ብዙ ጊዜ ይሠራል ምክንያቱም የሚበላሸው ጥርሱ ሳይሆን ብረቱ ነው፣ ሲላላ መንከስ ያቆማል፣ ጠበብ ስታደርገው መልሶ ይነክሳል። አስር ደቂቃ ነከሰ። ጃኬቱን ስጨምርበት እንደገና ተተረተረ።

ከሰዓት በኋላ ጋይዳችን መጣ። ሃምሳን የተሻገረ፣ ረጋ ያለ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው፣ እኔን "ካካ" ይለኛል፣ በነሱ ወንድሜ ማለት ነው። ዕቃችንን ሁሉ አልጋ ላይ አስዘርግፎ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ረዳቱን በስዋሂሊ "ሳአ ምቢሊ" አለውና ወደ እኛ ዞሮ "ኤይት ኦክሎክ" ብሎ ተረጎመልን። ምቢሊ ሁለት ነው። እኔና ጓደኛዬ ተያይተን ሳቅን፣ ሰዎቹ እንደኛው ነው የሚቆጥሩት! ጠዋት 2 ሰዓት ብለን ስንነግረው እሱም ገረመው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓት የሚነግረን በስዋሂሊ ብቻ ሆነ፣ መደመር መቀነስ ቀረ።

ቦርሳዬን ሲያይ ግን አልሳቀም። "ይሄ ለትምህርት ቤት ነው" አለና ተነሥ አለኝ።

የኪራይ ሱቁ ጠባብ ነው፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ጃኬት፣ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢት ታጭቋል፣ የላብና የጭስ ሽታው በሩ ላይ ነው የሚቀበልህ። አንድ ግድግዳ ሙሉ ቦርሳ ተሰቅሏል። የኔ ዓይን ቀጥ ብሎ ቀዩ ላይ አረፈ፣ ያምራል፣ ኪሱም ብዙ ነው። ጋይዱ ተቀበለኝና ገለበጠው፣ የውስጡን ወደ ውጭ አወጣው፣ በግ ገዢ ላቱን እንደሚዳብሰው በአውራ ጣቱ ይዳብሰው ጀመር። ማንገቻው ከጀርባው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። አንድ መስመር ተራ ስፌት ብቻ ነው ያለው። ከዚያ አንድ የወየበ ግራጫ ቦርሳ አወረደና እዚያው ቦታ ላይ አሳየኝ፣ ክሩ ወዲያ ወዲህ እየተመላለሰ ጥቅጥቅ ብሎ እንደ ትንሽ ትል አብጧል፣ ጂንስ ሱሪ ላይ የቀበቶ ማስገቢያዋ ጫፍ ላይ ያለችው ዓይነት ስፌት ማለት ነው። አራቱም የሚጎተቱ ቦታዎች ላይ አለ። የቦርሳ ሸክም የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው፣ እኔ ግን በሕይወቴ ቦርሳ ስገዛ አንድም ቀን እዚያ ቦታ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ የውስጡን ገበር በጣቴ እንድነካ አደረገኝ። የቀዩ ይጣበቃል፣ እንደ ፎረፎር ነጭ ቅርፊት ይረግፋል፣ የሆነ የኮመጠጠ ሽታም አለው። ጨርቁ ውሃ እንዳያስገባ የሚቀባው ፖሊዩሬቴን እርጥበት ሲቆይበት እንዲህ ነው የሚፈርሰው፣ ካምፕ ውለህ መጥተህ ቦርሳውን እንደረጠበ ጠቅልለህ ቁምሳጥን ውስጥ ስትወረውረው የምታደርገው ይሄንን ነው (እኔ ሁሌም የማደርገው)። የግራጫው ገበር ደረቅና ለስላሳ ነው። የዚፑ ብረት ላይ ዋይኬኬ (የዚፕ ፋብሪካ ስም ነው) የሚል ጽሑፍና 8 ቁጥር አለው። ቁጥሩ በግምት የተዘጋው ጥርስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። የኔ ባለ 14 ኪስ ላይ 3 ነበር የሚለው፣ የቀሚስ ዚፕ! ውስጡ ያለችው ጨርቅ ላይ ደግሞ 420 ዲኒየር ይላል። ዲኒየር የክሩ ክብደት ነው፣ 9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም ይመዝናል ነው፣ 420 ለቀን ቦርሳ ጥሩ ነው፣ ድንጋይ ላይ ብትጎትተው ቶሎ አይቀደድም፣ ከ100 በታች ያሉት ደግሞ ቀላል ናቸው ግን እንደ እንቁላል እየተጠነቀቅክ ነው የምትይዛቸው።

መጨረሻ ላይ አንገቴን አስደፍቶ ከአንገቴ ሥር ወጣ ያለችውን አጥንት በአንድ እጁ ያዘ፣ በሌላው የዳሌዬን አጥንት አናት ያዘና በስንዝር ለካኝ። የቦርሳው ጀርባ በዚያ ልክ መሆን አለበት፣ ቁመትህ ረጅም ስለሆነ ጀርባህ ረጅም ነው ማለት አይደለም አለኝ። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ከተተበትና የሱቁን ደረጃ ሦስት ጊዜ አስወጣኝ አስወረደኝ። የወገብ ቀበቶውን ሲያጠብቀው ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ወደ ዳሌዬ ወረደ፣ ማንገቻውና ትከሻዬ መሃል ጣት መክተት ቻልኩ።

30 ሊትር፣ 6 ኪስ፣ ለሰባት ቀን 20 ዶላር፣ መያዣ 50። ጓደኛዬ የራሱን አዲስ ውድ ቦርሳ አንግቶ በሩ ላይ ቆሞ "ኧረ ይሄ የማን አባት ቦርሳ ነው" እያለ ይስቅብኛል።

ጥር 14 - ከማቻሜ በር እስከ ማቻሜ ካምፕ

ከሞሺ ወደ በሩ፣ ማለትም ወደ ተራራው መግቢያ፣ የሚወስደው መንገድ በሙዝና በቡና መሃል ነው፣ ቡናው በሙዝ ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፣ አስፋልቱም ጥሩ ነው። በሩ ጋ ግን ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። መዝገብ መፈረም አለ፣ ሚዛን አለ፣ አንድ ፖርተር ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ጭነቱ ይመዘናል። የኛ ትልቁ ሻንጣ ከ15 ኪሎ እንዳይበልጥ የተነገረን ለዚህ ነው፣ የበለጠውን አውጥተህ ወይ ሞሺ ትተዋለህ ወይ ራስህ ትሸከመዋለህ። ጓደኛዬ ራሱ ተሸከመው፣ በኋላ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ፌስታል። እኛ ዕቃ ስናሸግ ሁሉን ነገር በፌስታል ነው የምንጠቀልለው፣ ካልሲ በፌስታል፣ ቻርጀር በፌስታል። ታንዛኒያ ግን በፈረንጆቹ ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች፣ ተራራው ላይ ደግሞ ባንዴ የሚጣለው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስም አይገባም። ስለዚህ ጠንካራ የውሃ ኮዳና አፉ የሚጠቀለል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ያስፈልጋል። ከረጢቱን ከዚያው ሱቅ በ5 ዶላር ተከራይቼ ነበር፣ በደንብ ደስ ሳይለኝ።

ጥር የበጋ ወር ነው ቢሉም ጫካው የራሱ ዝናብ አለው። 1,800 ሜትር አካባቢ ጀምረህ 11 ኪሎ ሜትር ያህል በትልልቅ ዛፍ ሥር ትወጣለህ፣ ጉሬዛ ከላይ ቁጭ ብሎ ያይሃል፣ ጭራው ነጭ ጋቢ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። ሁለት ሰዓት እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። ጓደኛዬ ከቦርሳው ሥር የዝናብ ሽፋኑን አወጣና አለበሰው፣ ብርቱካናማ፣ ሲያምር። እኔ ደግሞ ዕቃዬን ሁሉ ውስጥ ያለው ከረጢት ውስጥ ስለጠቀለልኩት ቦርሳው እንደፈለገ ይርጠብ ብዬ ተውኩት። ካምፕ ስንደርስ የጓደኛዬ ቦርሳ ታች ባሕር ነው። ሽፋኑ እኮ ፊት ለፊቱንና ጎኑን ነው እንጂ ከጀርባህ ጋር የሚነካካውን በኩል አይሸፍንም፣ ዝናቡ ከአንገትህ በጀርባህ ይወርድና በዚያ ይገባል፣ ሽፋኑ ደግሞ ከሥር እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያጠራቅመዋል። ፎጣው፣ ሹራቡ፣ ዳቦው፣ ሁሉም። ፈንዲሻ በሻይ እየበላን (ካምፕ በደረስክ ቁጥር ፈንዲሻ አለ፣ ቡና ነው የጎደለው) ሹራቡን ስንጠመዝዝ አመሸን።

ጥር 15 - ሺራ

ከጫካው ወጥተን ገደል ገደሉን፣ አጭር ግን ቀጥ ያለ ቀን ነው። ሺራ ካምፕ 3,750 ሜትር ላይ ነው፣ ሰማዩ ከፈት ሲል ሜሩ ተራራ በደመና ላይ እንደ ደሴት ይታያል።

የዛሬው ታሪክ የቁራ ነው። ቦርሳዬ ፊት ለፊት ላይ የሚለጠጥ የመረብ ኪስ አለው፣ ክፍት ነው፣ እርጥብ ጃኬት ለመወርወር በጣም ይመቻል፣ እኔ ግን ቆሎዬን ነበር የከተትኩበት። ከቤት የመጣ የገብስ ቆሎ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ያለበት፣ በጨርቅ ከረጢት። ድንኳኑ በር ላይ ቦርሳውን አስደግፌ ፊቴን ልታጠብ ዞር ስል አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ቁራ መጣ። መረቡን በመንቁሩ ሳብ አድርጎ፣ ከረጢቱን አውጥቶ፣ ድንጋይ ላይ ወስዶ እየመረጠ በላ። ኦቾሎኒውን ነው እንጂ ገብሱን አልነካም፣ ይሄ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ፖርተሮቹ እየሳቁ ቁራዎቹ ዚፕ ይከፍታሉ አሉኝ፣ እንዴት አድርገው እንደሚስቡትም በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ በኋላ መረቡ ውስጥ የሚገባው የማይበላ ነገር ብቻ ሆነ።

ጥር 16 - ላቫ ታወር፣ ከዚያ ባራንኮ

የጉዞው ረጅሙ ቀን ከጫፉ ሌሊት ቀጥሎ ይሄ ነው። ላቫ ታወር የሚባለው ትልቅ አለት ጋ፣ 4,600 ሜትር ድረስ ወጥተህ፣ ምሳ በልተህ፣ ወደ 3,900 አካባቢ ወደ ባራንኮ ካምፕ ትወርዳለህ። ሰውነት ከፍታውን እንዲለምድ ነው፣ ወጣ ብለህ ዝቅ ብለህ ትተኛለህ።

ጠዋት አጥሚት ጠጣን፣ እነሱ ኡጂ ይሉታል፣ ከኛው ብዙም አይለይም። ሦስት ሊትር ውሃ ያዝኩ፣ ሦስት ሊትር ማለት ሦስት ኪሎ ነው፣ ሌላው ዕቃ ሳይቆጠር። አየሩ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየራል። ፀሐይ ሲወጣ ጃኬት ታወልቃለህ፣ ደመና ሲገባ ትለብሳለህ፣ ንፋስ ሲመጣ ኮፍያ፣ ከዚያ ጓንት፣ ከዚያ መልሰህ ሁሉን ታወልቃለህ። የቦርሳ አከፋፈት የሚለየው እንዲህ ባለ ቀን ነው። የጓደኛዬ ውድ ቦርሳ ከላይ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ እንደ ጆንያ። ጓንቱ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ በየፌርማታው ምሳ ዕቃው ይወጣል፣ ሹራቡ ይወጣል፣ ካሜራው ይወጣል፣ ድንጋይ ላይ ጉልት ይዘረጋል፣ ጓንቱ ይገኛል፣ ሁሉም ተመልሶ ይጠቀጠቃል። አንድ ጊዜ ኮፍያውን ንፋስ ወሰደበትና ረዳቱ ሮጦ ያዘለት፣ በዚያ ከፍታ ላይ መሮጥ ቀልድ አይደለም። የኔ ግራጫ ደግሞ ዚፑ ፊት ለፊቱን ዞሮ ስለሚወርድ ተከፍቶ እንደ ሻንጣ ይተኛል፣ ጃኬቱን ከመሃል ስመዝዝ ሌላው ከቦታው አይነቃነቅም። ቆጥሬያለሁ፣ እሱ አራት ደቂቃ፣ እኔ ግማሽ ደቂቃ። ቁጥሩን ስነግረው ደስ አላለውም።

ለማንሳት ብቻ፣ የሱም ጥሩ ጎን አለው። ጀርባው ላይ የተወጠረ መረብ ስላለው ንፋስ ያስገባል፣ የኔ ጀርባ ሁሌ እርጥብ ነበር፣ የሱ ደረቅ። ግን ያ መረብ እንዲወጠር የቦርሳው ጀርባ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፣ ዕቃ ስትከትበት ምንም አይመችም፣ ሸክሙም ከሰውነትህ ራቅ ይላል።

ላቫ ታወር ላይ ራሴን ያዘኝ። ከግንባሬ ጀምሮ በጆሮዬ ዞሮ ማጅራቴ ላይ የሚመታ ራስ ምታት። የወገብ ቀበቶው ላይ ያለችው ትንሽ ኪስ ውስጥ ክኒን ነበረኝ፣ ቦርሳውን ሳላወርድ፣ ሳልጎነበስ አወጣሁ። ራሱን የሚያመው ሰው መጎንበስ አይችልም፣ ይሄን እዚያ ነው የተማርኩት። ከስድስቱ ኪሶች ብዙ የተጠቀምኩት እነዚህን ሁለት የወገብ ኪሶች ነው፣ አንደኛው ውስጥ ክኒን፣ የከንፈር ቅባትና ሶፍት፣ ሌላው ውስጥ ስልክና ከረሜላ።

ወደ ባራንኮ ስንወርድ ጅብራ አየን! ስሜን ላይ ያየሁት ጅብራ ዘመዱ፣ አጠር ያለ፣ እና አጠገቡ ሰው የሚያክሉ፣ ከሰውም የሚበልጡ፣ ራሳቸው ላይ ጎመን የተደፋባቸው የሚመስሉ ዛፎች። እያየሁ ስደነቅ ከኋላዬ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጓደኛዬ የቀኝ ማንገቻ ከሥሩ ተነቀለ። ያ በሩ ላይ የተረፈውን ዕቃ ሁሉ የጫነበት ቦርሳ፣ ጨርቁ ምንም አልሆነም፣ ስፌቱ ነው የለቀቀው፣ እዚያችው አንድ መስመር ስፌት ያለችበት ቦታ ላይ። ጋይዱ አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ምንም አላልንም።

ማታ ምግብ ድንኳኑ ውስጥ የዱባ ሾርባ ከበላን በኋላ ጋይዱ የጥርስ ክር ያለው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጓደኛዬ ሰውየው ጥርሱን ሊያጸዳ ነው ብሎ ሰጠው። ጋይዱ ከኮፍያው ጠርዝ ወፍራም መርፌ ነቀለ፣ የጥርስ ክሩን አጥፎ አስገባ፣ ማንገቻውን በቦታው አስተኝቶ መጀመሪያ ዳር ዳሩን አራት ማዕዘን አድርጎ ሰፋው፣ ከዚያ ከጥግ ወደ ጥግ መስቀለኛ። መርፌው ወፍራሙ ጨርቅ ላይ አልገባ ሲለው በማንኪያ ጀርባ ይገፋዋል። የግንባር ባትሪዬን ያዝኩለት፣ አርባ ደቂቃ ፈጀ። የጥርስ ክር በሰም የተነከረ ነው፣ ከልብስ መስፊያ ክር ይጠነክራል፣ አይበሰብስም። ያ ስፌት እስከ መጨረሻው ቀን አልተነቃነቀም፣ የሚንት ሽታ ነበረው ብቻ።

ጥር 17 - የባራንኮ ግድግዳ

ግድግዳ ያሉት ግድግዳ ስለሆነ ነው፣ ከቁርስ በኋላ 250 ሜትር ገደማ ቀጥ ብለህ ትወጣለህ፣ በእጅም በእግርም። ዱላ አያስፈልግም፣ ይልቁንም ያደናቅፋል፣ ቦርሳው ጎን ላይ ታስረዋለህ፣ የኔ ታችና ላይ ማሰሪያ ስላለው ሁለቱም ዱላ ተጣብቆ ተቀመጠ።

እስካሁን ግራጫውን ብቻ ሳወድስ ነበር፣ አሁን ጥፋቱን ልናገር። የጎን ኪሱ ላስቲክ አርጅቷል። መሃል ላይ አለቱን አቅፈህ፣ ደረትህን ለጥፈህ የምታልፍባት ቦታ አለች፣ አለቱን ካልሳምከው አያሳልፍህም እያሉ ይቀልዳሉ። እኔ ሳልፍ ጎንበስ አልኩ፣ ኮዳዬ ከጎን ኪሴ ሾልኮ ወጣ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ወረደ። ከሥር ሰው አለ! ልቤ ቆመ። ጋይዱ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፣ ከታች የነበሩት ፖርተሮች አለቱ ላይ ተለጠፉ፣ ኮዳው በጎናቸው አልፎ ጠፋ። ማንንም አልመታም። ጋይዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣኝ፣ እዚህ የሚገድለው ከፍታው ብቻ አይደለም አለኝ፣ ትክክል ነው፣ እኔም አንገቴን ደፋሁ። ላይ ስንደርስ የቀረውን ኮዳ አንገት በገመድ አስሮ ከማንገቻዬ ጋር አቆራኘው። ቦርሳ ስትመርጥ ሙሉ ኮዳ የጎን ኪስ ውስጥ ከተህ ጎንበስ በል፣ ሱቁ ውስጥ፣ ሰው ቢያይህም ቢስቅብህም።

ካራንጋ ላይ አደርን፣ 3,995 ሜትር። ለኮዳዬ ምትክ ምግብ አብሳዩ የራሱን አዋሰኝ።

ጥር 18 - ባራፉ

አጭር ቀን፣ ድንጋይና አቧራ ብቻ። ባራፉ 4,673 ሜትር ነው፣ ስሙ በስዋሂሊ በረዶ ማለት ነው አሉን፣ እኔ መጀመሪያ ቃሉ ራሱ "በረዶ" መስሎኝ ነበር። 11 ሰዓት ላይ እራት በልተን ለሌሊቱ ቦርሳ አዘጋጀን። ጋይዱ ቅደም ተከተሉን ነገረን፣ መጨረሻ የምትፈልገው ከሥር፣ መጀመሪያ የምትፈልገው ከላይ፣ በጨለማ በጓንት የምትፈልገው ጃኬትህ ኪስ ውስጥ። ዚፖቹ ሁሉ ላይ ቀጭን ገመድ ቋጠረልን፣ በወፍራም ጓንት ትንሿን ብረት መያዝ አይቻልም። ለግንባር ባትሪዬ መለዋወጫ የባትሪ ድንጋዮቹን ብርድ እንዳያገኛቸው ብዬ በካልሲ ጠቅልዬ ደህና ቦታ አስቀመጥኩ።

ጥር 19 - ጫፉ

"ሳአ ሲታ" ተነሣን፣ ሌሊት 6 ሰዓት፣ ሲታ ስድስት ነው። የረዳቱ ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች 14 ይላል። የሰው መብራት በተራራው ላይ እንደ ጧፍ ተሰልፎ ይታያል፣ "ፖሌ ፖሌ" ይላሉ፣ ቀስ ቀስ፣ አንድ እርምጃ፣ ትንፋሽ፣ አንድ እርምጃ።

ጓደኛዬ ውሃ የሚጠጣው ከቦርሳው በሚወጣ ቱቦ ነው፣ ስንት ቀን ሙሉ እኔ ኮዳ ስጎትት እሱ እየሄደ ሲምገው ቀንቼበት ነበር። አንድ ሰዓት ሳንሄድ ቱቦው በረደ፣ ደረቀ፣ እንደ እንጨት ቆመ። ከጠጣህ በኋላ ወደ ውስጥ መንፋት አለብህ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ጠብታ ነው መጀመሪያ የሚቋጠረው፣ ተነግሮታል፣ ረስቶታል፣ በዚያ ከፍታ ላይ ሰው ስሙንም ይረሳል። ጀርባው ላይ ሁለት ሊትር ውሃ ይዞ ይጠማል። የኔ ኮዳዎች ግን በወፍራም ካልሲ ውስጥ በአፋቸው ተደፍተው ነበር የተቀመጡት፣ በረዶ የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ስትገለብጠው የሚቋጠረው ቂጡ ነው፣ አፉ ይከፈትልሃል። ተካፈልን።

ከዚያ 9 ሰዓት አካባቢ መብራቴ ደከመ። የባትሪ ድንጋይ አለህ፣ ደህና ቦታ አስቀምጠሃል፣ የት? የወገብ ኪስ የለም። የላይኛው ኪስ የለም። ጃኬት ኪስ፣ ሱሪ ኪስ፣ መረቡ፣ የለም። ጓንቴን አውልቄ ስፈልግ ጣቶቼ የኔ መሆናቸው ቀረ። ጋይዱ በቃ አለኝና ከኋላዬ ሆኖ በራሱ መብራት እግሬ ሥር እያበራልኝ ሦስት ሰዓት ሄደ። እኔ በጥላዬ ላይ እየረገጥኩ ነው የወጣሁት ማለት ይቻላል።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ስቴላ ፖይንት፣ የተራራው አፍ ጠርዝ ላይ ደረስን፣ ፀሐይዋ ከማዌንዚ፣ ከተራራው ሁለተኛ ጫፍ ጎን ወጣች። ከዚያ አንድ ሰዓት ለማትሞላ ጊዜ ጠርዙን ይዘን፣ በግራ በኩል የበረዶ ግግሩ እንደ ኖራ ግንብ ቆሞ፣ ኡሁሩ፣ የመጨረሻው ጫፍ፣ 5,895 ሜትር። አለቀስኩ? ንፋሱ ነው ያስለቀሰኝ። ፎቶ ላይ ጓደኛዬ የሚንት ሽታ ያለውን ማንገቻ ይዞ ቆሟል። አሥር ደቂቃ ቆይተን ወረድን፣ ጉልበት የሚባል ነገር የቀረው እዚያ አሸዋ ላይ ነው፣ ምዌካ ካምፕ ድረስ የሆነውን አላስታውስም።

ጥር 20 - ምዌካ በር፣ ሞሺ

ጫካ፣ ጭቃ፣ ሰርተፍኬት፣ የፖርተሮች ጉርሻ፣ ሙቅ ሻወር። ከሻወሩ በኋላ ቦርሳውን ልመልስ ሄድኩ። ልብ ብዬ አጥቤዋለሁ፣ ልግዛው ብዬ ወስኛለሁ፣ 40 ዶላር ብል ብዬ መንገድ ላይ ለራሴ ተለማምጃለሁ።

የሱቁ ሰውዬ ሳቀ። ሐሙስ መልሶ ይወጣል፣ ተይዟል አለኝ። ከዚያ ሲረከብ ሁሌ እንደሚያደርገው ይመስላል፣ ምንም ሳያይ፣ እያወራኝ፣ እጁን ወደ ቦርሳው ውስጥ ሰደደ፣ ውሃ ከረጢቱ ከሚሰቀልበት ጀርባ፣ ሰባት ቀን ሙሉ እጄን ከትቼበት የማላውቅ መስሎኝ የነበረች አንዲት ጠፍጣፋ ኪስ ውስጥ፣ እና ካልሲዬን አወጣ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ድንጋዮቹ ቀጭ አሉ።

"ሁሉም እዚህ ነው የሚረሱት" አለና 50 ዶላሬን ቆጥሮ ሰጠኝ።